ትንፋሽም ይለካል

በሐርጌሳ ከተማ መካከል የሚገኘው የዋሄን ገበያ ሁሉ ነገር በልክ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ሩዙና ስኳሩ በኪሎ፥ ጨርቁ በሜትር፥ ዘይቱ በሊትር፥ ወርቁ በግራም ይመዘናል። ገንዘብ መንዛሪዎችም በመንገድ ዳር ከከመሩት የሽልንግ እስር አጠገብ ተቀምጠው የዕለቱን ምንዛሪ አንዲት ሳያጐድሉ ያሰላሉ። ነገር ግን ከማለዳ እስከ ምሽት ሲመዝንና ሲቈጥር ከሚውለው ነጋዴ መካከል፥ ከሸቀጡ ሁሉ የሚበልጠውን ሀብቱን፥ ይኸውም የገዛ ትንፋሹን፥ አንድ ቀን እንኳ ያስለካ ስንት ይገኛል?

«ትንፋሽ ደግሞ ይለካል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ትንፋሽ የማይታይና የማይጨበጥ ነገር ስለ ሆነ፥ ብዙዎቻችን ሲያጥር እንጂ ሳለ አናስበውም። ሆኖም የሕክምና ጥበብ የሰውን ትንፋሽ በሊትርና በሰከንድ ለክቶ፥ የሳንባውን ጤንነት በቍጥር የሚያስታውቅ መሣሪያ ካገኘ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመሣሪያው ስም ስፒሮሜትር ይባላል፤ ምርመራውም ስፒሮሜትሪ ነው። ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ስለዚህ ምርመራ ምንነትና ጥቅም ለማስረዳት አስበናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጢስ የማይለየው ኑሮ

በሐርጌሳ፥ እንደ ሌሎቹ የአፍሪቃ ቀንድ ከተሞች ሁሉ፥ የብዙው ቤት ምግብ የሚበስለው በከሰል ነው። በየቤቱም ደብቃድ በሚባለው የሸክላ ማጨሻ ላይ ኡንሲ የተባለው ሽቱ ያለበት ዕጣን ይጨሳል። ይህ ልማድ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ቡና ሲፈላ ዕጣን የማይጨስበት ቤት ጥቂት ነው። መዓዛው የሚወደድ፥ እንግዳ የሚከበርበት መልካም ባህል ነው። ሆኖም መዓዛው የቱንም ያህል ቢያምር ጢስ ምን ጊዜም ጢስ ነው። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ ከሲጋራና ከሺሻ ጢስ ጋራ ሲደባለቅ፥ የሚስበውን ሰው ሳንባ ቀስ በቀስ ይጐዳዋል። በደረቁ ወራት በየመንገዱ የሚነሣው አቧራና የመኪናው ጢስ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል።

የዋሄን ነጋዴዎች ጢስ ምን ማለት እንደ ሆነ በከባድ መከራ አይተውታል። በ2022 ዓ. ም. ሚያዝያ መባቻ ሌሊት በገበያው የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ብዙ ሱቅ አውድሟል፤ የብዙ ቤተሰብ ጥሪትም በአንድ ሌሊት ወደ አመድ ተለውጧል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በመተላለፊያዎቹ ጥበት ምክንያት ወደ እሳቱ ለመድረስ ተቸግረው እንደ ነበር ተነግሯል። እንዲህ ያለው ጢስ ከሩቅ የሚታይና ሁሉን የሚያስደነግጥ ነው። በየቀኑ ከምድጃና ከማጨሻ የሚወጣው ግን ማንንም ሳያስደነግጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሥራውን ይሠራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለም፤ ለሳንባም ይሆናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ የአየር ቧንቧዎችን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ በ2021 ዓ. ም. 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ገድሏል፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚገድሉት ምክንያቶችም አራተኛው ነበር። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚደርሱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በበለጸጉት አገሮች የበሽታው ዋና ምክንያት ትምባሆ ሲሆን፥ እንደ እኛ ባሉት አገሮች ግን የቤት ውስጥ ጢስ ታላቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶች እንደ አጫሽ ሰው ሲያስሉና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ብናይ ሊደንቀን አይገባም።

አንድ ምልክት፥ ብዙ በሽታ

ጉዳዩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዋሄን ገበያ ልብስ የሚነግዱ፥ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ዓመት የሆነ አንዲት እናት አሉ እንበል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በከሰል ሲያበስሉ ኖረዋል። ካለፉት አራት ዓመታት ጀምሮ ያስላሉ፤ ዕቃ ተሸክመው ጥቂት ሲራመዱ ቆም ብለው መተንፈስ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሌሊትም ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። በመጀመሪያ «ብርድ ነው» ተብለው የሳል ሽሮፕ ጠጡ። ቀጥሎ የተሕዋስያን መከላከያ እንክብል ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብለው ተጠረጠሩ። በመጨረሻም አንዱ «አስም ነው» አላቸው። በየጊዜው ገንዘብ ወጣ፤ ሱቁም እየተዘጋ ዋለ፤ ትንፋሻቸው ግን አልተመለሰም።

እንዲህ ያለው መንከራተት ሐኪሞቹ ስለ ሰነፉ የሚመጣ አይደለም። ብዙ በሽታዎች በአንድ ዓይነት ምልክት ስለሚገለጡ ነው። አስም ያስላል፤ ሥር የሰደደው የአየር ቧንቧ ጥበትም ያስላል። ከነቀርሳ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ የቀረው ጠባሳ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የልብ ድካምም ትንፋሽ ያሳጥራል። የደም ማነስ እንኳ ሰውን ያስለከልካል። ሐኪሙ በጆሮው ደረት ቢያዳምጥ፥ በራጅም ቢያይ፥ የአየር ቧንቧው ምን ያህል እንደ ጠበበ በእነዚህ ብቻ በትክክል ሊያውቅ አይችልም። ራጅ የሳንባን መልክ ያሳያል እንጂ የሳንባን ሥራ አይለካም። አንድ ወፍጮ ከውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ፥ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚፈጭ ግን ሳያስፈጩበት እንደማይታወቅ ያለ ነው።

በሽታውን አጥርቶ አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የአስም በሽተኛ በየቀኑ የሚሳብ፥ የቧንቧውን ቍጣ የሚያበርድ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ያን ትቶ ሲያፍነው ብቻ ማስታገሻ የሚስብ ሰው በድንገተኛ መታፈን ሊሞት ይችላል። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2019 ዓ. ም. 455 ሺህ ያህል ሰዎች በአስም ሞተዋል። ነቀርሳ የሌለበት ሰው የነቀርሳ መድኃኒት ለወራት ቢውጥ ያለ ጥቅም ይንገላታል፤ ትክክለኛው ሕመሙም ያን ያህል ጊዜ ሳይታከም ይቈያል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወስድም፥ ለጊዜው ቢሻለው እንኳ፥ አጥንቱ ይሳሳል፤ የደሙም ስኳርና ግፊት ከፍ ሊል ይችላል።

መሣሪያው ከየት መጣ?

የሰውን ትንፋሽ በሥርዓት ለክቶ ለሕክምና ያዋለው ጆን ሀቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በ1846 ዓ. ም. በለንደን ባሳተመው ጥናት ከ2 ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎችን ትንፋሽ ለክቶ ውጤቱን ገልጿል። መሣሪያው በውሃ ላይ የተደፋ በርሜል ያለው ነበረ፤ ሰው በቱቦ ሲተነፍስበት በርሜሉ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለበትም መጠን የትንፋሹን ልክ ያስታውቃል። ሀቺንሰን የአንድ ሰው ትንፋሽ ልክ ከቁመቱ ጋራ እንደሚጨምር፥ ከዕድሜው ጋራ ደግሞ እንደሚቀንስ አስተዋለ። ይህ አስተያየቱ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ሆኖም ለመቶ ዓመት ያህል የሚለካው የትንፋሹ ብዛት ብቻ ነበረ። በ1947 ዓ. ም. ቲፍኖ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ከባልደረባው ከፒኔሊ ጋራ አንድ ታላቅ ሐሳብ አመጣ። ይኸውም ሰውዬው የተነፈሰውን አየር መጠን ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያው ሰከንድ ምን ያህሉን እንዳወጣው መለካት ነው። ቧንቧው የጠበበ ሰው አየሩን ማውጣቱ አይቀርም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። አፉ ሰፊ የሆነ እንስራና አፉ ጠባብ የሆነ ጠርሙስ እኩል ውሃ ቢይዙ፥ ሲደፉ እኩል አይፈሱም። በሽታውን የሚለየውም ይኸው ልዩነት ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ምርመራው መርፌ የለውም፤ ደም አይቀዳበትም፤ ሕመምም የለውም። የዛሬው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ሲሆን፥ ውጤቱን በቍጥርና በሥዕል ያሳያል። ተመርማሪው ቀጥ ብሎ በወንበር ይቀመጣል። አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል። ከዚያም የመሣሪያውን አፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይይዝና፥ ሳንባው እስኪሞላ ድረስ አየር ስቦ፥ ሳይዘገይ ባለ በሌለ ኀይሉ ይተነፍሳል። ወዲያውም አያቆምም፤ ሳንባው ባዶ ሆነ እስኪል ድረስ መግፋት አለበት። መርማሪው በአጠገቡ ቆሞ «ግፋ! ግፋ! አሁንም! አሁንም!» እያለ ያበረታታዋል። ከሩቅ የሚሰማ ሰው ጠብ የተነሣ ሊመስለው ይችላል።

ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በደንብ መደገም አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ከስምንት ጊዜ አያልፍም። ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱ ውጤቶች በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ150 ሚሊሊትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከተለያዩ ወይ ተመርማሪው በሙሉ ኀይሉ አልተነፈሰም፥ ወይ መርማሪው በሚገባ አላስረዳውም ማለት ነው። መሣሪያውም ራሱ ሚዛኑ የተስተካከለ መሆኑ ሦስት ሊትር አየር በሚይዝ ትልቅ መርፌ መሰል መግፊያ በየጊዜው ይመረመራል። በገበያ ሚዛን የሚፈተሸው በድንጋዩ እንደ ሆነ፥ የትንፋሽም ሚዛን ድንጋይ አለው ማለት ነው። የተማረ መርማሪ የሌለው መሣሪያ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፥ ሐኪምን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም።

ለምርመራ የሚሄድ ሰው ከመመርመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ማጨስ የለበትም፤ ከባድ ምግብም ከሁለት ሰዓት ወዲህ ባይበላ ይመረጣል። ደረትና ሆድ የሚያጣብቅ ልብስና ቀበቶ ማላላት ይገባዋል። የሚስበው መድኃኒት ካለ መቼ ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በቅርብ ጊዜ የልብ ድንገተኛ ሕመም ያገኘው፥ ዐይኑን ወይም ደረቱን የተቀደደ፥ ደም የሚያስለው ሰው ሁሉ ለመርማሪው መንገር አለበት፤ በኀይል መግፋት ሊጐዳው ይችላልና። የሳንባ ነቀርሳ የሚጠረጠርበትም በመጀመሪያ አክታው ይመርመር፤ እንዲህ ሲሆን ሌላውን ሰው ከመልከፍ ይድናል።

ቍጥሩ ምን ይናገራል?

ከመሣሪያው ከሚወጡት ብዙ ቍጥሮች ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ሙሉው የትንፋሽ ልክ ነው፤ ይህም ሰውዬው ሳንባውን ሞልቶ በኀይል ያወጣው አየር በሙሉ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሰከንድ ትንፋሽ ነው። ሁለተኛው ለአንደኛው ሲካፈል የሚገኘው በመቶኛ ቧንቧው ክፍት ወይም ጠባብ መሆኑን ያስታውቃል። ጤናማ ጐልማሳ ከአየሩ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን በመጀመሪያው ሰከንድ ያወጣዋል። ከ70 በመቶ ካነሰ ቧንቧው ጠቧል ተብሎ ይጠረጠራል። ነገር ግን በሽማግሌ ይህ ቍጥር በዕድሜ ብቻ ዝቅ ሊል ስለሚችል፥ ሐኪሙ የዕድሜውን እኩያ ልክ ጨምሮ ያመዛዝናል።

ከላይ ወደ ጠቀስናቸው እናት እንመለስ። ሙሉው የትንፋሽ ልካቸው 2.4 ሊትር፥ የመጀመሪያው ሰከንድ ደግሞ 1.2 ሊትር ቢሆን፥ ውጤቱ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ቧንቧቸው ጠቧል። ጥበቱ የአስም ይሁን ወይስ የሌላ ገና አልታወቀም። ለዚህም ሳልቡታሞል የተባለው ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት በአፍ እንዲስቡ ይደረግና፥ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና ይለካሉ። ቍጥሩ 2.5 ሊትርና 1.25 ሊትር ቢሆን፥ ውጤቱ አሁንም 50 በመቶ ነው፤ መድኃኒቱ ቧንቧውን ብዙ አልከፈተውም። ይህ ከዕድሜያቸውና ከሠላሳ ዓመቱ የከሰል ጢስ ጋራ ሲታይ፥ ሥር የሰደደውን የቧንቧ ጥበት ያመለክታል።

አሁን ደግሞ በዚያው ሱቅ የሚሠራ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት ሲለካ፥ ከመድኃኒቱ በፊት ከ4 ሊትር 2.2 ሊትር፥ ማለት 55 በመቶ፥ ከመድኃኒቱ በኋላ ግን ከ4 ሊትር 3.2 ሊትር፥ ማለት 80 በመቶ አወጣ እንበል። የጠበበው ቧንቧ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተከፈተ። ይህ ወደ አስም የሚያመለክት ጠባይ ነው። ሁለቱም ያስሉ ነበር፤ የሁለቱም ደረት ሲር ሲር ይል ነበር፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ሙሉው ልክ አንሶ በመቶኛው ደኅና የሆነ ሰው ቢገኝ ደግሞ፥ ሳንባው በጠባሳ ወይም በሌላ ምክንያት አልዘረጋ ብሎ ሊሆን ስለሚችል፥ ሌላ ምርመራ ይታዘዝለታል። አስምም በደኅናው ቀን ተሰውሮ ውጤቱ መልካም ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው የሐኪሙን ጥያቄና ፍርድ ይረዳል እንጂ አይተካም።

የማን ልክ ለማን ይሆናል?

የትንፋሽ ልክ በቁመት፥ በዕድሜና በጾታ ስለሚለያይ፥ የአንድን ሰው ቍጥር የምናነጻጽርበት የጤናማ ሰዎች ልክ ያስፈልጋል። ለረጅም ዘመን ይህ ልክ የሚመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነበረ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ጉድለት አይተው ዝም አላሉም። በ1985 ዓ. ም. መንገሻና ያለምፀሐይ መኰንን ሲጋራ የማያጨሱ ጤናማ ኢትዮጵያውያን ወንዶችንና ሴቶችን ትንፋሽ ለክተው፥ ቶራክስ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ያለምፀሐይ መኰንን በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ለመሆን የበቁ ናቸው፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት በሚረጩ የእርሻ ሠራተኞች ሳንባ ላይ የሚደርሰውንም ጉዳት በዚሁ መሣሪያ መርምረዋል። በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካም ሠራተኞች ከሥራ በፊትና በኋላ ትንፋሻቸው ተለክቶ የአቧራው ጉዳት ተጠንቷል።

በ2012 ዓ. ም. የዓለም ሊቃውንት ከ70 ሺህ በላይ ከሆኑ ጤናማ ሰዎች የተገኘውን ልክ ሰብስበው አንድ ሰንጠረዥ አወጡ። ሰንጠረዡ ሰዎችን በዘር ከፍሎ ነበርና ብዙ ክርክር አስነሣ። ለአንዱ ዘር ዝቅ ያለ ልክ ከተሰጠ፥ በድህነትና በጢስ የተጐዳው ሳንባ «ለእርሱስ ይህ ደኅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላልና። በ2023 ዓ. ም. የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ዘርን የማይለይ አንድ የጋራ ልክ በሥራ ላይ እንዲውል መክሯል።

ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ሌላ የአገራችን ምሳሌ አለ። በ1997 ዓ. ም. ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው የጅማ ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ፥ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አስታውቋል። ከተሞቻችን እየሰፉ በሄዱ ቍጥር የሳንባ ሕመምተኛው እንደሚበዛ ከዚህ መገመት ይቻላል። ሕዝብን በጥያቄ ማጥናት ይቻላል፤ አንድን ሕመምተኛ ለማከም ግን መለካት ያስፈልጋል። የሚለካውንና የሚያነበውን ሰው ለማፍራትም በ2013 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ትምህርት ተጀምሯል።

ነቀርሳ ከዳነ በኋላ

በሶማሌላንድ የሳንባ ሕክምና ሲነሣ የአናሌና ቶኔሊ ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ኢጣልያዊቷ ሴት በቦራማ ከተማ የነቀርሳ ሕሙማንን ሲያስታምሙ ኖረው፥ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የናንሰንን ሽልማት በሰጣቸው በ2003 ዓ. ም. በዚያው ከተማ በሰው እጅ ተገደሉ። ነቀርሳን ማዳን የሳንባ ሕክምና መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ተሕዋሱ ከሞተ በኋላ በሳንባው የቀረው ጠባሳ አንዳንዱን ሰው ዕድሜ ልኩን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሲያስል «ነቀርሳው ተመለሰ» ተብሎ ያለ ማስረጃ መድኃኒቱን ደግሞ መጀመር የለበትም። አክታው ይመርመር፤ አክታው ነጻ ከሆነ ትንፋሹ ይለካ።

መሣሪያው በሌለበት

ስፒሮሜትር በሁሉ ስፍራ አይገኝም። በሌለበት ጊዜ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በ1959 ዓ. ም. ራይትና ማክሮው የተባሉ ሰዎች የትንፋሽን ከፍተኛ ፍጥነት ብቻ የሚለካ ቀላል መሣሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። የዛሬው ዓይነቱ ከላስቲክ የተሠራ ቱቦ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ሕመምተኛው ጧትና ማታ ነፍቶበት ቍጥሩን በደብተር ይጽፋል። ቍጥሩ ከጧት እስከ ማታ ብዙ ከተለዋወጠ፥ ወይም ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ከተሳበ በኋላ በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ከጨመረ፥ አስም ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሥር የሰደደውን የቧንቧ ጥበት አረጋግጦ ለመለየት ግን ይህ መሣሪያ አይበቃም።

ለቤተሰብና ለሥራ ኀላፊዎች

ጤናማ ሰው እንኳ ከሠላሳ ዓመቱ ገደማ ወዲህ በየዓመቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊሊትር ያህል ትንፋሽ ይጐድልበታል። ይህ የዕድሜ ግብር ነው። ጢስ በሚጐዳው ሰው ግን ጉድለቱ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የጐደለው አይመለስም፤ ማጨስ ሲተውና ከጢስ ሲርቁ ግን የጉድለቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ቀድሞ መለካት ማለት ሊተርፍ የሚችለውን ትንፋሽ ማትረፍ ማለት ነው።

ከስምንት ሳምንት በላይ የሚያስል፥ ከእኩዮቹ ጋራ ሲራመድ ወደ ኋላ የሚቀር፥ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ሰው በቤታችሁ ቢኖር «የብርድ ነው፤ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ወደ ሐኪም ሲሄድም «ትንፋሼ ይለካልኝ ወይ?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ነውር አይደለም። ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ልጆችም በሚገባ ከተነገራቸው ሊነፉ ይችላሉ። እስከዚያው ምድጃው ወደ ደጅ ወይም ወደ መስኮት ይጠጋ፤ ዕጣኑም ሲጨስ በሩ ይከፈት፤ ሕፃንና ሳል ያለበት ሰው ከጢሱ ይራቅ። ሲጋራ የሚያጨስ አባትም ከቤቱ ውጭ ሳይሆን ፈጽሞ ቢተወው ለራሱም ለልጆቹም ይበጃል።

የሥራ ኀላፊዎችም በበኩላቸው የሚያስቡት ብዙ ነገር አለ። አንድ ስፒሮሜትር ለጤና ጣቢያ ሲገዛ፥ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የመርማሪውን ትምህርት፥ የአፍ መያዣውን፥ ማስተካከያውንና የሚሳበውን መድኃኒት አብሮ መግዛት ያስፈልጋል። መሣሪያ ገዝቶ በቁም ሣጥን ቈልፎ ማስቀመጥ ግመል ገዝቶ ውሃ እንደ መንሣት ነው። ገበያ ሲሠራም መተላለፊያው ሰፋ ብሎ፥ አየር እንዲዘዋወርበትና የእሳት አደጋ መኪና እንዲገባበት ሆኖ ቢሠራ፥ ነጋዴው ከእሳቱም ከጢሱም ይጠበቃል።

የትንፋሽ ምርመራ የሚፈጀው ጊዜ፥ መድኃኒት ተስቦ እስኪደገም ድረስ ቢታሰብ እንኳ፥ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ለዓመታት በግምት ከሚወጣው የመድኃኒት ዋጋና ከሚባክነው የሥራ ቀን ጋራ ሲነጻጸር ይህ ምንም አይደለም። ሩዙን ሳይመዝን የማይገዛ ሰው መድኃኒቱንም ትንፋሹን ሳያስለካ አይግዛ እንላለን።